የዕቁቡ ብርና የሴሊካዋ ሞላ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤

የ33 ዓመት ሰው ነኝ፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ፤ ሥራዬ ቃሊቲ ነው። እ.ኤ.አ. የ1995 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ አለችኝ፤ ሞተሯ 1.8 ነው። ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ ስመኛት የኖርኩ መኪና ናት። ላጤ ሆኜ፣ ከምግቤም ከልብሴም ቆጥቤ ነው የገዛኋት። ባለቤቴን ያገኘኋትም፣ ለሽምግልና ቤተሰቦቿ ቤት የሄድኩትም በእሷ ነው።

አሁን መኪናዋ ደከመች። የኋላ ቀኙ ሾክ ዘይት ያፈስሳል። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ካለፈች በኋላ ሁለት ሦስቴ ትወዛወዛለች፤ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ከፊት በግራ በኩል «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ አለ። እሑድ እሑድ በፈጣን መንገዱ ወደ ቢሾፍቱ፣ ባለቤቴ ቤተሰቦች ዘንድ እንሄዳለን። ፍጥነቱ 100 ሲደርስ፣ በተለይ ከባድ መኪና ስቀድም፣ የምትንሳፈፍ ይመስለኛል። ከገዛኋት ሰው ጋር የመጣ ባለ 17 ቸርኬ ነው ያላት፤ ጎማው 215/40 ነው።

ሦስት ምክር ተሰጥቶኛል። አቃቂ ያለው መካኒኬ «ሞላውን አንድ አንድ ዙር ልቁረጥልህ፤ ዝቅ ትላለች፣ ትጠነክራለች፣ ወጪም የለውም» ይላል። ዱባይ የሚመላለስ ጓደኛዬ ከፍታው በቀለበት የሚስተካከል፣ ሞላና ሾኩ አንድ ላይ የሆነ ኮይልኦቨር ሙሉ ስብስቡን በርካሽ ላምጣልህ ብሎኛል። ሌላው ደግሞ ሶማሌ ተራ ሄደህ ሰልባጅ ሾክ ፈልግ አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔ ዝቅ ብላ፣ የስፖርት መኪና መስላ ማየት እፈልጋለሁ።

ሌላም ጉዳይ አለ። ባለቤቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከግቢያችን እስከ ዋናው መንገድ ያለው ኮብልስቶን እያንገጫገጫት ተማርራለች። «ይቺን መኪና ሽጣትና ሰው የሚቀመጥበት መኪና ግዛ» ካለችኝ ሰነበተች። ባለፈው ወር የ90 ሺህ ብር ዕቁብ ደርሶኛል፤ እስካሁን አልነገርኳትም። ከነገርኳት ለሾክ የሚተርፍ ነገር እንደማይኖር አውቃለሁ። ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል፤ ግን ደግሞ በሕይወቴ ለራሴ ብዬ የመረጥኩት ነገር ቢኖር ይቺ መኪና ብቻ ናት። ምን ይሻለኛል?

የሴሊካው ባለቤት፣ ከቱሉ ዲምቱ

*

ወንድሜ፤

ደብዳቤህ ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ፤ አንዱ የጋራዥ ነው፣ አንዱ የቤት። አንተ ሁለቱን ስላቆላለፍካቸው ነው የከበዱህ። ስለ ሾክ ማሰብ በጀመርክ ቁጥር ያልነገርካት ብር ትዝ ይልሃል፤ ስለ ባለቤትህ ስታስብ ደግሞ መኪናዋ ልትወሰድብህ እንደሆነ ይሰማሃል። እኔ ከጋራዡ እጀምራለሁ። እዚያ የሚገኘው መልስ ቤት የምታወራውን ያቀልልሃልና።

አንድ ነገር ግን ሳይውል ሳያድር አድርግልኝ፤ ሾኩ እስኪቀየር ድረስ ፈጣን መንገዱን ተወው። ቢሾፍቱ መሄድ ግድ ከሆነ በዱከም በኩል በአሮጌው መንገድ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ወይም አንድ ሁለት እሑድ በሚኒባስ። የመኪናን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው፤ ሾኩ ደግሞ የሞላውን መወዛወዝ ይገታል። ሾኩ ከሞተ ሞላው አንዴ የተገፋ ዥዋዥዌ ነው፤ ራሱ እስኪደክመው አያቆምም። መኪናዋ በተወዛወዘች ቁጥር ጎማው አስፋልቱን የሚጫንበት ኃይል ከፍ ዝቅ ይላል። ጎማው በቀለለበት ቅጽበት ፍሬን ብትይዝ ወይም መሪ ብታጥፍ የለመድከውን ያህል አትታዘዝህም። ከባድ መኪና ስትቀድም የተሰማህ መንሳፈፍ ከዚሁ የመጣ ሊሆን ይችላል። አጠገብህ የተቀመጠችው ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። እግረ መንገዴን፣ ቀበቶዋን ስታስር የታችኛው ክፍል ከሆዷ ሥር ዳሌዋ ላይ፣ የላይኛው ደግሞ በጡቶቿ መሃል አልፎ በሆዷ ጎን እንዲወርድ አግዛት። ሆዷን ይጫነኛል ብላ የምትተወው ከሆነ አታስተዋት።

ወደ መካኒክህ ምክር ልምጣ። ሞላ መቁረጥ በእኛ ሰፈሮች የተለመደ ነው፤ ሰውዬውም ሊጎዳህ አስቦ አይመስለኝም። አንድ ነገር ላይ ትክክል ነው፤ ሞላ ሲያጥር ይጠነክራል። የሚሠሩት ዙሮች 6 ቢሆኑና አንዱ ቢቆረጥ የሞላው ጥንካሬ በ20 ከመቶ ይጨምራል። ያልነገረህ ሌላው ወገን ነው። ሾክህ የተሠራው ለፋብሪካው ከፍታና ለፋብሪካው ሞላ ነው። መኪናዋ ዝቅ ስትል የሾኩ ዘንግ ቀድሞውኑ ወደ ታች ገብቶ ይቆማል፤ ጉድጓድ ሲመጣ የሚቀረው ጉዞ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ መጨረሻው ላይ ካለው ማቆሚያ ላስቲክ ጋር ይጋጫል። የጠነከረውን ሞላ የመግታት ሥራ የሚወድቀው ደግሞ አሁኑኑ በደከመው ሾክ ላይ ነው። የምትማረርበት መወዛወዝ ይብስ እንደሆነ እንጂ አይቀንስም።

ከዚህም የባሰ አለ። የሞላው ጫፍ በፋብሪካ የተሠራው በማረፊያው ላይ ልክ እንዲቀመጥ ሆኖ ነው። ከተቆረጠ ያ አቀማመጥ ይበላሻል። ጎማው ጉድጓድ ላይ ወደ ታች ሲንጠለጠል ያጠረው ሞላ ላልቶ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል፤ ተመልሶ ሲጫን የት እንደሚያርፍ አታውቅም። በእሳት አሙቆ ማስረግ የሚሉት ደግሞ የብረቱን ጥንካሬ የሚገድል ስለሆነ ጭራሽ አታስበው።

ዝቅ ማለትን በተመለከተ ልብህን ማስከፋት አልፈልግም፤ ዝቅ ያለች ሴሊካ ታምራለች፣ እኔም አልክድም። ነገር ግን ሴሊካህ ከፊትም ከኋላም የቆመችው በማክፈርሰን ስትራት ነው፤ ማለትም ሾኩ ራሱ ጎማውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ምሰሶ ሆኖ ያገለግላል። እንዲህ ዓይነቷን መኪና ከልክ በላይ ዝቅ ስታደርጋት ታችኛዎቹ ክንዶች ወደ ላይ ያዘነብላሉ፤ በዚህም ምክንያት መኪናዋ ኩርባ ላይ የምታጋድልበት የመዞሪያ ማዕከል ከክብደቷ ማዕከል የበለጠ ይወርዳል። ውጤቱ አስገራሚ ነው፤ መልኳ ዝቅ ብሎ ጠባይዋ ግን የበለጠ ማጋደል የሚወድ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው ከፍታዋን የወሰነው ውበት ጠፍቶት አይደለም።

የሴሊካን ስም በዓለም ያስጠራው ምን መሰለህ? ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ያለው የሳፋሪ ራሊ አንዱ ነው። ካንተዋ የሚቀድመው ትውልድ ሴሊካ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1995 ለአራት ተከታታይ ዓመታት አሸንፎበታል፤ በ1993 እንዲያውም ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያለውን ደረጃ በሙሉ የያዙት ሴሊካዎች ነበሩ። አቧራ፣ ድንጋይ፣ ጭቃና ጉድጓድ ላይ ማለት ነው። ለዚያ ውድድር መሐንዲሶቹ መኪናዎቹን ከፍ ነው ያደረጓቸው፤ ሾኮቹም ረጅም ጉዞ ነበራቸው። እርግጥ ያ ጂቲ-ፎር የሚባለው ባለ ቱርቦ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ነው፤ ያንተዋ በፊት ጎማ ነው የምትነዳው። ቢሆንም ጓደኞችህ «ሴሊካ ዝቅ ካላለች ሴሊካ አይደለችም» ሲሉህ ይህን ልትነግራቸው ትችላለህ።

የዱባዩን ኮይልኦቨር በሚመለከት፣ ጥሩዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ግን ውድ ናቸው። «በርካሽ» የሚለው ቃል ነው ያሠጋኝ። ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ሞላና አጭር ጉዞ አላቸው፤ ለለስላሳ አስፋልት የታሰቡ ናቸው። ማስታወቂያቸው ላይ «8ኬ» የሚል ዓይነት ቁጥር ካየህ፣ ሞላውን 1 ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ 8 ኪሎ ይፈልጋል ማለት ነው። 80 ኪሎ ሰው ሙሉ ክብደቱን አንዱ ሞላ ላይ ቢጭን እንኳ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው ዝቅ የሚለው። የፋብሪካው ሞላ ከዚህ እጅግ የለሰለሰ ነው። ያንን ገጥመህ በየጠዋቱ ከግቢያችሁ ኮብልስቶን ላይ ባለቤትህን ይዘህ ስትወጣ አስበው። በዚያ ላይ ከፍታ የሚስተካከልበት ጥርስ ለአቧራና ለጭቃ የተጋለጠ ነው። በየጊዜው ካልጸዳና ካልተቀባ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ቀለበቱ ይጣበቅና ማስተካከል ቀርቶ መፍታትም ያስቸግራል። ሲያፈስስ ደግሞ መለዋወጫ የሚልክልህ የለም፤ ሙሉውን ትጥላለህ። ላያዛልቅ ጸሎት ለቅስፈት።

ሰልባጁ ለፊት መብራትና ለበር እጀታ ጥሩ ነው፤ ለሾክ ግን አልመክርህም። ከሌላ ሴሊካ የተፈታ ሾክ ያንተን ያህል ያረጀ ነው፤ ምናልባትም መኪናዋ ተጋጭታ ዘንጉ በዓይን በማይታይ መጠን ተጣምሞ ይሆናል። ብር ከማጣትህ የተነሳ ግዴታ ቢሆንብህ እንኳ እጅህ ላይ ፈትነው፤ ዘንጉን ወደ ውስጥ ገፍተህ ስትለቀው ጋዝ ያለበት ሾክ በራሱ ቀስ እያለ ይወጣል። ገብቶ ከቀረ ጋዙ ሄዷል። ዘንጉ ላይ ዝገት ወይም ጭረት ካለ ደግሞ ማኅተሙን ይበላዋል፤ ያፈስሳል።

እንግዲህ እኔ ብሆን ምን አደርጋለሁ?

ምንም ነገር ከመግዛቴ በፊት መኪናዋን አስመርምራለሁ። መለዋወጫ የማይሸጥልህ፣ የምርመራውን ዋጋ ብቻ የሚቀበልህ መካኒክ ብታገኝ ይሻላል፤ የአቃቂው ሰው ከሆነም «ዛሬ ምንም አልገጥምም፤ ዛሬ የምከፍልህ ለማየት ነው» ብለህ ንገረው። ያ ከፊት በግራ በኩል የሚሰማው «ቋ» ብዙ ጊዜ ከሾክ አይመጣም። የስታብላይዘሩ (የማጋደል መከላከያው ብረት) ማያያዣ ሊንክ ላልቶ ይሆናል፣ ቦል ጆይንቱ (ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያገናኘው ኳስ መሰል መገጣጠሚያ) ተበልቶ ይሆናል፣ ወይም ሾኩ ከላይ ከአካሉ ጋር የሚታሰርበት ማረፊያ ጎማ ተቀዶ ይሆናል። የክንዶቹ ጎሚኒዎችም (መገጣጠሚያ ላስቲኮች) የ30 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል ብለህ ገምት። እነዚህ ነገሮች ሾክ ከመግዛት ያነሰ ዋጋ አላቸው፤ ግን ካልተቀየሩ በዓለም ላይ ውዱን ሾክ ብትገጥምም «ቋ» ማለቱን አይተውም። ብዙ ሰው አዲስ ሾክ አስገጥሞ «ምንም ለውጥ የለውም» ብሎ የሚበሳጨው በዚህ ምክንያት ነው። ቦል ጆይንቱ ከላላ ግን ነገ አትበለው፤ ከወጣ ጎማው ይተኛል፣ መሪም ፍሬንም ዋጋ አይኖራቸውም።

ሁለተኛው ቸርኬው ነው። ይህን ስነግርህ እንደምትከፋ አውቃለሁ። 215/40 ባለ 17 ጎማ ከአስፋልቱ እስከ ቸርኬው ያለው የጎማ ቁመት 86 ሚሊ ሜትር ነው። 205/55 ባለ 15 ብታደርገው ወደ 113 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የጎማው አጠቃላይ ቁመት ግን ከሞላ ጎደል አይለወጥም፣ ስለዚህ የፍጥነት መለኪያህም አይዛባም። 27 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ አየርና ጎማ ማለት ነው፤ ባለቤትህ ወገቧ ላይ የሚሰማት ይሄኛው ነው። ባለ 15 ቸርኬ ማንም ሰው ጋ ይገኛል፤ ባለ 17ቱን ደግሞ የሚፈልግ ወጣት አይጠፋም። የሸጥክበት ብር የጎማውን ወጪ ከፊሉን ይሸፍንልህ ይሆናል። ከመግዛትህ በፊት ግን በሾፌሩ በር በኩል ያለውን ተለጣፊ ወይም የመኪናዋን መጽሐፍ አይተህ ልኩን አረጋግጥ። ጎማ ስትገዛ ደግሞ ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ 4 አሃዞች አንብብ፤ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ያልተነካ ሆኖ ዓመታት ግምጃ ቤት የከረመ ጎማ ገበያችን ላይ ሞልቷል።

ከዚያ በኋላ ነው ሾኩ። አራቱንም፣ በፋብሪካው ከፍታ፣ አዲስ። አራቱን መግዛት ካልቻልክ ጥንድ ጥንድ አድርገህ፤ መጀመሪያ ዘይት የሚያፈስሰው የኋላው ጥንድ፣ ቀጥሎ የፊቱ። የግራውን ትቶ የቀኙን ብቻ መቀየር መኪናዋን በአንድ ጎን ያነክሳታል። ምርቱን በተመለከተ ብዙ አላስጨንቅህም። ካያባ ለቶዮታ ፋብሪካ ራሱ ሾክ የሚያቀርብ የጃፓን ድርጅት ነው፤ ኤክሴል-ጂ የሚባለው ተራ ጋዝ ሾኩ ለእንዳንተ ዓይነቱ አጠቃቀም የሚበቃ ነው። ሞንሮም ያስኬዳል። ቢልሽታይንና ኮኒ ምርጥ ናቸው፤ ለዕለት ተዕለት የቃሊቲ ምልልስ ግን በዚያ ዋጋ መግዛት አያስፈልግህም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሆነ አንተው ታውቀዋለህ፤ ስለዚህ ሦስት አራት ሱቅ ሳትጠይቅ አትግዛ።

አስመስለው የተሠሩም አሉ። ካርቶኑ ሳይሆን ቁጥሩ ይምራህ። ድሮ የተገጠመው ሾክ ላይ የተቀረጸውን ቁጥርና የመኪናዋን የሻንሲ ቁጥር ይዘህ ሂድ፤ ሻጩ የሚሰጥህን የካያባ ቁጥር ደግሞ በስልክህ ከድርጅቱ ካታሎግ ጋር አመሳክረው። ግራና ቀኝ የተለያየ ቁጥር ሊኖራቸው ስለሚችል አንዱን አይተህ አትርካ። «የካሪና ነው፣ ይገባል» ካሉህም ቁጥሩ ካልተስማማ አትቀበል። ጃፓን ውስጥ የተሸጡ አንዳንድ ሴሊካዎች «ሱፐር ስትራት» የሚባል ከፊት የተለየ አሠራር አላቸው፤ ያንተዋ እንዳልሆነች መካኒኩ በዓይኑ ያረጋግጥልህ።

የድሮዎቹ ሞላዎች ካልተሰበሩና ካልሰረጉ አትቀይራቸው። ለጥ ያለ ቦታ ላይ አቁመህ ከእያንዳንዱ ጎማ መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለካ። ግራና ቀኙ ከተቀራረበ ደህና ነው፤ አንደኛው በግልጽ ዝቅ ካለ ሞላው ደክሟል። ይህን ዛሬ ከሥራ ስትመለስ ራስህ ልታደርገው ትችላለህ፤ ብር አይጠይቅም።

ሲገጠም አጠገቡ ቁም። አዲሱን ሾክ ከመግጠማቸው በፊት ቀጥ አድርገው አቁመው ሙሉ ለሙሉ አራት አምስት ጊዜ ያስገቡት፣ ያውጡት፤ በካርቶን ተኝቶ ሲመጣ ውስጡ የሚሰራጨው አየር በዚህ ይወጣል። ሞላው በትክክለኛ መጭመቂያ ሳይታሰር የላይኛውን ዳዶ እንዳይፈቱት፤ ታምቆ የቆየ ሞላ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል፤ ይህን በሽቦና በገመድ የሚሞክር ጋራዥ ካየህ ዕቃህን ይዘህ ውጣ። ጎሚኒ ያለባቸው ብሎኖች ደግሞ መጨረሻ ላይ መጥበቅ ያለባቸው መኪናዋ በጎማዋ መሬት ከቆመች በኋላ ነው። ክሪክ ላይ እያለች ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ሲያልቅ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠራ፤ ይሄን «በኋላ» ብለህ ከተውከው አዲሱ ጎማህ በአንድ ጎን ይበላል።

በዚህ ሁኔታ አንድ ወር ንዳት። ከዚያ በኋላም ኩርባ ላይ ማጋደሏ ካልተዋጠልህ፣ ወፈር ያለ የስታብላይዘር ብረት ከፍታዋን ሳይነካ ማጋደሉን ይቀንሳል። ያኔ ታስብበታለህ፤ አሁን አይደለም።

አሁን ወደ ቤት እንግባ።

ሌባ የሆንክ ይመስልሃል ብለሃል። እኔ ሌባ አልልህም፤ የገዛ ዕቁብህን ነው የተቀበልከው። ግን ልጠይቅህ፤ የፈራኸው ብሩ እንዳይወሰድ ነው ወይስ ባለቤትህ መኪናዋን የምትወድበትን ምክንያት ሳትሰማ እንዳትፈርድብህ? ደብዳቤህን ሳነብ ሁለተኛው ይመስለኛል። ለእኔ «ለራሴ ብዬ የመረጥኩት እሷን ብቻ ነው» ብለህ ጽፈሃል። ይህን ለባለቤትህ ነግረሃት ታውቃለህ? ለሽምግልና የመጣህባት መኪና እንደሆነች ታውቃለች፤ ስንት ምሳ ዘልለህ እንደገዛሃት ግን ላታውቅ ትችላለች።

የእሷንም ወገን እስቲ እየው። «ሽጣት» ያለችህ መኪናዋን ጠልታ ነው ወይስ ጀርባዋን አሟት? «ሰው የሚቀመጥበት መኪና» ነው ያለችው። ሁለት በር ባላት መኪና የኋላ ወንበር ላይ ሕፃን ማስገባትና ማውጣት እንዴት እንደሚሆን ከአንተ ቀድማ አስባ ይሆናል። ይህ ሾክ ቀይረህ የምትመልሰው ጥያቄ አይደለም። እኔም አልመልስልህም፤ ግን ስታነሳው አትከላከል።

ስለዚህ አንድ ሱቅ ከመግባትህ በፊት ንገራት። ምሽት ላይ፣ እራት ከተበላ በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ። ረጅም መግቢያ አያስፈልገውም። «ባለፈው ወር ዕቁብ ደርሶኛል፤ 90 ሺህ ነው። መኪናዋን ላሠራበት ፈልጌ ፈርቼ አልነገርኩሽም» በላት። ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ፤ አታቋርጣት። ከዚያ መጀመሪያ የመውለጃውንና የሕፃኑን ወጪ አብራችሁ ጻፉ፤ ሐኪም ቤቱን፣ ልብሱን፣ ልታርስ ስትተኛ የሚመጣውን እንግዳና የገንፎውን ጣጣ ሁሉ። እሱ ተነሥቶ የሚቀረው ነው የሴሊካዋ። ምናልባት ለአራት ሾክ አይበቃ ይሆናል። ለምርመራው፣ ለኋላው ጥንድና ለሊንኩ ከበቃ ግን መኪናዋ ከአደጋ ትወጣለች፤ የፊቱ ጥንድ የሚቀጥለውን ደመወዝ ይጠብቃል።

መሸጥን በተመለከተ፣ ዛሬ ቁጭ ብላችሁ አትወስኑት፤ ግን ሒሳቡን እወቁት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባት አስወድዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ሴሊካዋን በጥሩ ዋጋ ልትሸጣት ትችል ይሆናል፤ ግን የምትገዛትም አራት በር መኪና በዚያው ገበያ ተወዳ ነው የምትጠብቅህ፤ እሷም ሾኳ ደክሞ ይሆናል። በሌላ በኩል ዘይት የምታፈስስና «ቋ» የምትል መኪና ገዢ ዋጋዋን ይሰብራታል። ብትሸጣትም ባትሸጣትም ደህና ሾክ ላይ ያወጣኸው ብር ሜዳ አይቀርም። ይህን ለባለቤትህ ስትነግራት እንደ መከራከሪያ ሳይሆን እንደ ሒሳብ አቅርበው። «ትውለጂና፣ ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው እንደገና እንየው» ብትላት፣ እሷም ቀን ተቆርጦላታልና «ሽጣት» የምትለውን በየሳምንቱ አታነሳም።

ባለቤትህን ይዘህ አንድ ቀን ጋራዡ ጋ ብትሄድም አይከፋም። እዚያ ቆማ ትሰልች ማለቴ አይደለም፤ መኪናዋ ክሪክ ላይ ወጥታ የሚያፈስሰውን ሾክ በዓይኗ ብታየው ስለ ምን እንደምትጨነቅ ይገባታል። ቡና የሚፈላበት ጥላ ያለው ጋራዥ ምረጥ፤ ለስድስት ወር ነፍሰ ጡር መቆም ከባድ ነው።

ምርመራው ሲያልቅ መልሰህ ጻፍልኝ። አራቱን የከፍታ ልኬቶች፣ በሾኮቹ ላይ ያገኘኸውን ቁጥርና መካኒኩ ስለዚያ የግራ «ቋ» ያለህን ሁሉ ጻፈው፤ የኋላ ሞላዎቹ ይቀየሩ ወይስ ይቆዩ የሚለውን ልኬቶቹን አይቼ እነግርሃለሁ።